በማዳበሪያ የደበቅኋቸው መጻሕፍት

ይህን ገጠመኝ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራ አብዛኞቹ ይስቃሉ። አሁን እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚሄድ አባዱላ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ «እህቴ፣ ለቅሶ ነው የምትሄጂው?» እስኪለኝ ድረስ እንባዬ ይወርድ ነበር። ምን ብዬ ልመልስለት? «አይ፣ መጽሐፍ ጠፍቶብኝ ነው» ብለው ያምነኛል? ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁለት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሰናይት እባላለሁ። አዳማ፣ ገበያው አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍትና የስቶር ሠራተኛ ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ተማሪዎቻችን የባጃጅ ሾፌሮች፣ የጉልት ቸርቻሪዎችና የቀን ሠራተኞች ልጆች ናቸው። በአንድ ክፍል ሰማንያ ሆነው ይማራሉ። አንድ መጽሐፍ ለአምስት፣ ለስድስት ይደርሳቸዋል። መሐል የተቀመጠው ልጅ መጽሐፉን ፊት ለፊት ያየዋል፤ የግራና የቀኙ አንገታቸውን ያጣምማሉ፤ ከፊት ዴስክ ዞሮ የሚያየው ደግሞ ፊደሉን ዘቅዝቆ ያነበዋል። ቀልድ አይደለም፤ መጽሐፍ ቀና አድርገው ሲሰጧት ገልብጣ የምታነብ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። የለመደችው እንደዚያ ነበር።

እኔ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ቆላፊ ነበርኩ። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ትምህርት ቤት ያዋስኳቸው መጻሕፍት ሳይመለሱ ቀርተው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁሉ ተለጥፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ንብረት» የሚለውን ቃል ስሰማ እጄ ቁልፍ ፍለጋ ይሄዳል። አዳማ ተዛውሬ ስመጣ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ በእኔ ፊርማ የገባ ነገር ከእኔ ቁልፍ አይወጣም አልኩ። ቁልፎቹን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኳቸው። መምህራኑ «ሰናይት ቁልፏ» ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ቲቸር ጫልቱ መጡ።

ቲቸር ጫልቱ እኔን ራሴን አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ናቸው። ጡረታ ወጥተው ከአዳማ ብዙ በማትርቀው ደራ፣ በወላጆቻቸው ቦታ ላይ ትንሽ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ መጽሐፍ ለስድስት ልጅ ሲያካፍሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እልህ ያዛቸው። የድሮ ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ እየደወሉ፣ «ኬክ አልፈልግም፣ ጋቢም አልፈልግም፤ የልጆች መጽሐፍ ግዙልኝ» እያሉ ለሁለት ዓመት ሰበሰቡ። ያመጡት ዝም ብሎ የተለቃቀመ መጽሐፍ አልነበረም። ስድስት ዓይነት ባለ ሥዕል የተረት መጽሐፍ፣ ሦስቱ በአማርኛ፣ ሦስቱ በአፋን ኦሮሞ፣ እያንዳንዱ አርባ አርባ ፍሬ። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ልጅ ማለት ነው።

ሲያስረክቡኝ እጄን ይዘው፣ «ሰናይትዬ፣ አንድ ክፍል ሙሉ፣ አንድ ላይ፣ አንድ ገጽ ሲገልጥ ድምፁን መስማት እፈልጋለሁ» አሉኝ።

እኔም ፈረምኩና ቆለፍኩ።

ክፋት እንዳይመስላችሁ። ለጊዜው ነው ብዬ ነው። መደርደሪያ እስኪሠራ፣ ማኅተም እስኪመታባቸው፣ ቁጥር እስኪሰጣቸው። ከዚያ ክረምት ሆነና ጣሪያው ሲያፈስ ካርቶኖቹ እንዳይርሱ መጽሐፎቹን አውጥቼ በየዓይነታቸው በስድስት ማዳበሪያ ከተትኳቸው። መምህር ፍቃዱ የሚባል የአራተኛ ክፍል አስተማሪ በየሳምንቱ «ሰናይት፣ እነዚያ መጻሕፍት ምን ደረሱ?» እያለ ሲያስቸግረኝ «ገና አልተመዘገቡም» አልኩት። ለማንኛውም ብዬ ስድስቱን ማዳበሪያዎች ስቶሩ ውስጥ ከኋላ በኩል፣ አሮጌ የፈተና ወረቀት ከታጨቀባቸው ማዳበሪያዎች ጋር ቀላቅዬ ደረደርኳቸው። ማን ይለያቸዋል? ማንም። ዓመት ሞላ። እኔም ረሳኋቸው።

በዚያው ሰሞን እህቴ ባቱ ከተማ ወለደችና ቁልፎቹን ለርዕሰ መምህሩ አስረክቤ፣ የሳምንት ፈቃድ ወስጄ ላርሳት ሄድኩ። እዚያ ሳለሁ፣ ሕፃኑን እያጠብኩ፣ ርዕሰ መምህራችን አቶ ታደለ ደወሉልኝ።

«ሰናይት፣ ክፍል ስለጠበበን ስቶሩን መማሪያ ክፍል ልናደርገው ነው። ከኋላ የተደረደረው ማዳበሪያ ሁሉ ምንድን ነው? የሚፈለግ ነገር አለው?»

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ፣ የሕፃኑን ራስ እየደገፍኩ፣ «አሮጌ የፈተና ወረቀት ነው አቶ ታደለ፤ ያውጡት» አልኩ።

በገዛ አፌ።

እሮብ ረፋዱ ላይ ከባቱ ተመልሼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ገና ከትምህርት ቤቱ በር ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። ቲቸር ጫልቱ ናቸው።

«ሰናይትዬ፣ አካም ጅርታ?»

«ፈያ፣ ቲቸር! እርስዎስ ደኅና ነዎት?»

«ይመስገነው። ስሚ፣ ነገ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ዓይኔን ሊሠሩልኝ ቀጠሮ ይዘውልኛል። ሞራው በዝቶብኛል። ሐኪሙ 'እንሞክራለን' አለኝ እንጂ ታያለሽ ብሎ አልማለልኝም። እና ምን አሰብኩ መሰለሽ፣ ነገ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አዳማ ወርጄ ልጆቹ ሲያነቡ ልያቸው። አሁን ብዥ እያለም ቢሆን አያለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ስለ መጽሐፎቹ ያስታወስኩት። ግን ማዳበሪያዎቹ ገና ከስቶር ያልወጡ ስለመሰለኝ፣ ዛሬ አውጥቼ አድላለሁ፣ ማን ያውቃል አልኩ በልቤ።

«ወደዷቸው ለመሆኑ?» አሉ ቲቸር።

«እንዴታ! ከእጃቸው አይለዩም» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አስቡት፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ጥቁር ሰሌዳ ለማጥፋት እንኳ የምሽቀዳደምላቸውን ሰው ዋሸሁ።

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ስቶሩ ሄድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግድግዳው ነጭ ኖራ ተቀብቶ ገና አልደረቀም። አዳዲስ ዴስኮች ተደርድረዋል። ከኋላ ያ ሁሉ ማዳበሪያ የነበረበት ቦታ ባዶ ወለል ነው፤ ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሽ ሁሴን በር ላይ ቆመው ነበር።

«ጋሽ ሁሴን፣ እዚህ የነበሩት ማዳበሪያዎችስ?»

«ቁራሌው ሻፊ ቅዳሜ ዕለት በጋሪ አወጣቸው። ሁለት ዙር ነው የተመላለሰው። ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? አንቺ አውጡ ብለሽ የለ?»

ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሁሴን ውኃ ሊያመጡልኝ ሲሄዱ ተነሥቼ ወጣሁ። ለአቶ ታደለም አልነገርኩም። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

ሻፊ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብበት ቤት ገበያው ውስጥ ነው። ባጃጅ ይዤ ስሄድ የገበያው በር ላይ አንዲት ሴት ቆሎ በወረቀት እየጠቀለለች ስትሸጥ አየሁ። ባጃጁን አስቆምኩት። አንዱን ጥቅል ከመደቧ ላይ አንስቼ ቆሎውን መዳፌ ላይ ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። በጥድፊያዬ ቆሎው መሬት ተበተነ። ሴትዮዋ «ውይ! ምን ሆነሻል አንቺ!» ብላ ጮኸች።

የፈተና ወረቀት ነበር። የእኛው ትምህርት ቤት፣ የሳይንስ ፈተና። «የደም ሥር ስንት ዓይነት ነው?» ይላል። ሥዕል የለበትም። ሌላ ፈታሁ። እሱም ፈተና ነው። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ሻፊ ሮጥኩ።

ሻፊ ጎልማሳ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ጠርሙስ ይለቃቅማል።

«አንድ ጎኑ ባዶ የሆነውን ወረቀት ለቆሎ ሻጮቹ ሰጠሁ» አለኝ። «ሌላውን ሳልፈታው ወደ ሞጆ ላክሁት። እዚያ የወረቀት ማከማቻ ግቢ አለ፤ ሴቶች ይለዩታል፤ ከዚያ ተጭኖ ወደ ካርቶን ፋብሪካ ይሄዳል።»

«መቼ ነው የሚጫነው?»

«ሰኞ አንድ መኪና ወጥቷል። ሁለተኛው ዛሬ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል።»

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ተኩል ሆኗል።

«ፋብሪካ ገብቶስ ምን ይሆናል?» አልኩት፤ እያወቅሁ።

«ውኃ ውስጥ ገብቶ ይቦካል» አለ ሻፊ፣ በእጁ እያሸ እያሳየኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ቀልዱን ተወ። «መጽሐፍ ነበረው እንዴ? እኔ እኮ አልፈታሁትም እህቴ፤ ወላሂ ባየው እመልሰው ነበር። ሂጂ፣ ቶሎ ሂጂ። ኦቦ ገመቹ የሚባል ኃላፊ አለ፤ ሻፊ ላከኝ በዪው።»

መነኸሪያ ደርሼ አባዱላ ውስጥ ገባሁ። መኪናው እስኪሞላ የጠበቅሁት ጊዜ በሕይወቴ ረጅሙ ነው። ረዳቱ «ሞጆ! ሞጆ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ አንድ ሰው ሲገባ ደግሞ «አንድ ሰው!» ይላል። እያለቀስኩ የሄድኩት ያኔ ነው። የሚያስለቅሰኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው አልነበረም፤ እሱማ ትዝም አላለኝ። ቲቸር ጫልቱ ብዥ ባለ ዓይናቸው ባዶ ዴስክ ሲያዩ ነው የታየኝ።

ሞጆ ስደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች በቆሙበት ሰልፍ መሐል እየተሽሎከለክሁ ግቢውን አገኘሁት። የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ግቢው ውስጥ የወረቀት ተራራ አለ፤ ካርቶን፣ ጋዜጣ፣ ደብተር። ከተራራው ሥር አሥር የሚሆኑ ሴቶች ሻሽ ጠምጥመው ይለያሉ። በሩ ላይ ደግሞ አንድ አይሱዙ እስከ አፉ ተጭኖ፣ ሸራ ለብሶ፣ በገመድ ታስሮ ቆሟል። ሞተሩ ተነሥቷል።

ሾፌሩ መስኮት ላይ ደርሼ በመዳፌ መታሁት። «ቁም! እባክህ ቁም!»

«ምንድን ነው?»

«መኪናህ ላይ መጽሐፍ አለ! የልጆች መጽሐፍ!»

«እህቴ፣ እኔ የጫንኩት ወረቀት ነው» አለና ማርሽ አስገባ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከመኪናው ፊት ሄጄ ቆምኩ። እኔ፣ መንገድ ስሻገር እንኳ ሰው ክንድ የምይዝ ሴት። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ሴቶቹ ሥራ አቁመው አዩን። ኮፍያ ያደረጉ ወፍራም ሰው ከቢሮ ብቅ አሉ፤ ኦቦ ገመቹ ናቸው።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ትምህርት ቤቱን፣ ማዳበሪያውን፣ ሻፊን፣ ነገ የሚመጡትን አስተማሪዬን። ኦቦ ገመቹ አዳመጡኝና ኮፍያቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«አዝናለሁ እህቴ። ግን ይሄ መኪና ላይ ከመቶ በላይ ማዳበሪያ ነው ያለው። ተራግፎ ይፈተሽ ብትዪ እስከ ማታ አያልቅም። ፋብሪካው ደግሞ ይጠብቃል። የአንቺ ማዳበሪያ ምልክት አለው?»

ምልክት። እኔ እኮ ማንም እንዳይለየው ብዬ ነው ያለ ምልክት የተውኩት።

«የለውም» አልኩ።

ያኔ ከሴቶቹ መሐል አንዷ ተነሣች። ቀጠን ያለች፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች፣ እጇ በአቧራ የነጣ ሴት ናት።

«ባለ ሥዕል ነው?» አለች።

ዞርኩ። «አዎ!»

«አንድ ዓይነቱ ብዙ ብዙ የሆነ? ሁሉም የሚመሳሰል?»

«አዎ! አዎ እናቴ!»

«አብሽሪ» አለችኝ። «አልተጫነም። ከእኔ ጋር ነው።»

ይህን ቃል ስሰማ የተሰማኝን ነገር ልገልጸው አልችልም። ከደረቴ ላይ ድንጋይ ሲነሣ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሾፌሩ «እንግዲህ ከፊቴ ትነሺልኛለሽ?» ሲለኝ ነው አሁንም መኪናው ፊት መቆሜን ያወቅሁት። ዞር አልኩለት፤ እየሳቀ ወጣ።

ሴትዮዋ ሰዓዳ ትባላለች። ከወሎ መጥታ ሞጆ የተቀመጠች ናት። ይዛኝ ወደ ግቢው ጥግ ሄደች። ዝናብ እንዳይነካቸው በላስቲክ የተሸፈነ ክምር አለ። ላስቲኩን ገለጠችው። አምስት ማዳበሪያ። የአንዱ አፍ ተፈትቷል። የላይኛው መጽሐፍ ልክ ቲቸር ጫልቱ እንዳመጡት ያብረቀርቃል።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መጽሐፉን አቀፍኩት።

«አንዱ ማዳበሪያ ሰኞ በሄደው መኪና ሳናውቅ ተጭኗል መሰለኝ» አለች ሰዓዳ። «ከሱ በኋላ ነው እነዚህን ስፈታ ያገኘሁት። እኔ ማንበብ አልችልም። ግን ዕቃ አውቃለሁ። ይሄ የሚጣል ነገር አይደለም፣ ሰው ተሳስቶ ነው፣ ይመጣል አልኳቸው። ኦቦ ገመቹም እስከ ሐሙስ ይቀመጥ አሉ፤ ዛሬ ባትመጪ ነገ ከሌላው ወረቀት ጋር ይቀላቀል ነበር።»

ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን እያከኩ፣ «ሰዓዳ ዕቃ ይቀመጥልኝ አለች እንጂ የልጆች መጽሐፍ ነው መች አለችኝ» አሉ።

ሰዓዳ ከእጄ መጽሐፉን ወስዳ ገለጠችው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያ የሞተ ሰው ዕቃ መስሎኝ ነበር። ባለቤቱ ሞቶ ዘመድ የጣለው። ምክንያቱም አንዱም አልተነካም። እይው፣ አንድም የጣት አሻራ የለበትም። ስንት ጊዜ ሆነው እናንተ ጋ?»

«ዓመት» አልኩ።

መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የእኔ ልጅ እዚህ ሞጆ ሦስተኛ ክፍል ናት። ለስድስት ነው አንድ መጽሐፍ የሚያዩት» አለች። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው ያለችው፤ ምንም አልጠየቀችኝም።

አንዱን መጽሐፍ አውጥቼ «እንቺ፣ ለልጅሽ» አልኳት። እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «አይ፣ አንድ ብቻውን ባስይዛት ጓደኞቿ እንዳያዩባት ትደብቀዋለች። ይቅር።»

ኦቦ ገመቹ መጽሐፎቹን ስወስድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ወረቀቱ በሚዛን ተመዝግቦብኛል። በዚሁ ልክ አሮጌ ወረቀት አምጪልኝና እንታረቅ።» ቃል ገባሁ። ጋሪ ተጠርቶ አምስቱ ማዳበሪያዎች ተጫኑ። ሰዓዳ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘችኝ። ፀሐይዋ ገና ሳታዘቀዝቅ አዳማ ገባሁ። አቶ ታደለ ቢሮ ገብቼ ከሀ እስከ ፐ ተናዘዝኩ። ሰሙኝና፣ «መጽሐፎቹ ነገ ክፍል ይግቡ፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ እናወራለን» አሉኝ። ሌላው እስካሁን አልተወራም።

የቀረው ከባዱ ነበር።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ቲቸር ጫልቱ ከደራ መኪና ወርደው፣ ጥላቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው መጡ። ዓይናቸው ላይ ያለው ሞራ ከሩቅ ይታያል። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስመው፣ «በይ፣ ልጆቼን አሳዪኝ» አሉ።

«ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ይቀመጡልኝ» አልኳቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከቢሮ ባመጣሁት ደኅና ወንበር አስቀምጫቸው ፊታቸው ቆምኩ። ልክ እንደ ያኔው፣ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ።

«ቲቸር፣ ትናንት በስልክ ዋሽቼዎታለሁ። ልጆቹ መጽሐፎቹን አላነበቧቸውም። አንድም ቀን። ቆልፌባቸው ነበር። ከዚያም ጠፉ። ትናንት ሞጆ ሄጄ ነው ያገኘኋቸው። አርባው ግን አልተገኘም።»

ጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ውጭ ልጆች ይጫወታሉ። «ይቆጡኝ እንጂ» አልኩ።

«አርባው ጠፋ አልሽ» አሉ።

«አዎ።»

«የቀሩት ሁለት መቶዎቹስ? ስንቱ ተቀደደ?»

«አንድም አልተቀደደም ቲቸር!» አልኩ፤ ሞኝ ነኝና ደስ ይላቸዋል ብዬ።

«እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው» አሉ። «አርባው ከጠፋብን ይልቅ ሁለት መቶው አለመቀደዱ። ዓመት ሙሉ መቀደድ ነበረበት ልጄ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ልረዳቸው መስሎኝ ያዝኳቸው፤ እሳቸው ግን ጎተቱኝና አቀፉኝ። «ስላልደበቅሽኝ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ተነሺ፣ ቀኑ እየሄደ ነው።»

መምህር ፍቃዱ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቹን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። አርባ መጽሐፍ ለሰማንያ ሁለት ልጅ ተከፋፈለ፤ ሁለቱ ትርፍ ልጆች ሁለት ዴስክ ላይ ሦስተኛ ሆነው ተደረቡ። ቲቸር ጫልቱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ «ሁላችሁም የመጀመሪያውን ገጽ ግለጡ» አሉ።

ተገለጠ። ድምፁን እኔም ሰማሁት። ዝናብ ሊጀምር ሲል ቅጠል ላይ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ቲቸር ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሰሙት።

ልጆቹ አንድ ላይ ማንበብ ጀመሩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከሦስተኛው ረድፍ «ቸርር!» የሚል ድምፅ መጣ። ገጽ ተቀደደ። ሁለት ልጆች ወደየራሳቸው ሲጎትቱ ነው። ንባቡ ተቋረጠ። ሁለቱ ልጆች በፍርሃት ያዩኝ ጀመር፤ ያውቁኛላ! እኔም ከልማዴ የተነሣ ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ። ዞሬ ቲቸር ጫልቱን አየኋቸው። ፈገግ ብለዋል።

ሄጄ ከመሳቢያዬ ፕላስተር አመጣሁና ልጆቹ ዴስክ አጠገብ ተንበርክኬ ገጹን ለጠፍኩት። «ቀጥሉ» አልኳቸው። ቀጠሉ።

ቲቸር ጫልቱ ከመሄዳቸው በፊት ስለ ሰዓዳ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ከአምስቱ ማዳበሪያ አንዱ የእሷ ልጅ ክፍል ይሂድ። እንደ ስጦታ አይደለም፣ እንደ ውሰት። አንብበው ሲጨርሱ ከእኛ ጋር ይለዋወጡ» አሉ። አቶ ታደለ ደብዳቤ ጻፉ፤ የሞጆው ትምህርት ቤትም በደስታ ተቀበለ። የቲቸር ጫልቱ ዓይንም ተሠርቶ በሰላም ወጡ። ፋሻው የተነሣ ዕለት ደውለው መጀመሪያ ያሉኝ «የነርሷን ቀሚስ ቀለም አየሁ፤ አረንጓዴ ነው» ነበር። ስልኩን ይዤ ከጋሽ ሁሴን ጋር በር ላይ ዘለልኩ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኔ መጽሐፍ አልሰረቅሁም፣ አላባከንኩም። እየጠበቅሁ ነበር የመሰለኝ። የምጠብቀው ግን መጽሐፉን ሳይሆን ራሴን ነበር፤ ሌላ ደብዳቤ እንዳይጻፍብኝ። ይህን ለማወቅ አንድ መኪና ፊት መቆም ነበረብኝ። እናንተስ? በየትምህርት ቤቱ፣ በየቢሮው፣ በየቤቱ «ለጊዜው» ተብሎ የተቀመጠ ነገር ስንት ነው? ለልጆች የተሰጠ ነገር ቁልፍ ውስጥ ካለ ገና አልተሰጠም። ዛሬውኑ ሄዳችሁ ክፈቱት። ይቀደዳል፣ ይጠፋል፣ ወጥ ይፈስበታል። ይሁን።

ያንን የሞጆ ውሰት ያደረስኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ለኦቦ ገመቹ ልጆቹ ያዋጡትን አምስት ማዳበሪያ አሮጌ ደብተርም ይዤ። መጽሐፎቹ ሲታደሉ ሰዓዳ ከሥራ ቦታ አምልጣ፣ ሻርፗን ከነአቧራው ተከናንባ መጥታ ከክፍሉ በር ውጭ ቆመች። ግቢ ብላት እምቢ አለች፤ «በዚህ ልብስ?» አለችኝ። እጇን ይዤ አስገባኋት። ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልጇ ከሁለተኛው ረድፍ ከጓደኛዋ ጋር ራስ ለራስ ገጥማ ታነባለች፤ እናቷ መምጣቷን አላየችም። ሰዓዳ ለረጅም ጊዜ አዳመጠቻቸው።

«የትኛው ድምፅ የሷ እንደሆነ አልለይ አልኩ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው እየሳቁ። «ሁሉም እያነበቡ ነው።»